መጽሐፉ ውስጥ የሌለው ብረት

ዱርቫሊኖ ከገበታ ሳይነሳ ምሳውን የጨረሰበትን ቀን ሚስቱ ዜሊያ አታስታውስም። ሩዝና ባቄላውን ሁለቴ ይጎርስና ዓይኑ በኩሽናው መስኮት ሾልኮ ጓሮ ወደቆመችው ጂፕ ይሄዳል። ዓይኑን እጁ ይከተላል፣ እጁን ደግሞ ሰውየው በሙሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት የብራዚሏን የፔድራ ማንሳ ከተማ አውቶቡሶች ሲጠግን ኖሮ ጡረታ ሲወጣ ዜሊያ እፎይ፣ አሁን ገና ባሌን ላየው ነው ብላ ነበር። የምታየው ግን ከጂፕ ሥር የወጡ ሁለት እግሮችን ነው።

«ሠላሳ ዓመት አብረኸኝ ኖረህ ስንት ጥርስ እንደቀረኝ አታውቅም» ትለዋለች። «የእሷን ብሎን ግን አንድ በአንድ ቆጥረሃል።»

እውነቷን ነው፣ ቆጥሯል። ጂፗ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ናት። ከስድስት ዓመት በፊት አንድ የቡና እርሻ ውስጥ ጆንያ ስታመላልስ አገኛት፤ ያን ጊዜ ቀለሟ ሰማያዊ፣ ወንበሯ የበሬ ቆዳ፣ ጭስ ማውጫዋ በቆርቆሮ የተጣፈ ነበር። ዱርቫሊኖ እስከ መጨረሻው ብሎን ፈታትቶ እንደገና ገጠማት። መሪው አንድ መጽሐፍ ብቻ ነበር፤ የአሜሪካ ጦር በዚያ ዘመን ለሹፌሮቹ ያሳተመው፣ ፎቶ ኮፒ የተደረገ፣ ገጹ ሁሉ ግራሶ የጠጣ። መጽሐፉ ውስጥ ያለ ነገር መኪናዋ ላይ ይኖራል፣ የሌለ አይኖርም። በዚህ ከማንም ጋር አይደራደርም።

እንደ እሱ የለየላቸው ሌሎች አሥራ ሦስት ሰዎች በከተማዋ ነበሩ። ማኅበር አላቸው። ኢጣሊያ ድረስ የዘመቱትን የብራዚል ወታደሮች ልብስ ይለብሳሉ፣ ትከሻቸው ላይ የዘማቾቹን አርማ፣ ፒፓ የሚያጨሰውን እባብ፣ ይሰፋሉ፣ በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ዘማቾቹ የተመለሱበትን ቀን አስበው በሰልፍ ይወጣሉ። ሊቀመንበራቸው የጥርስ ሐኪሙ ዶክተር ላውሮ ነው። በሕይወቱ የወታደር ቤት ደጅ ረግጦ አያውቅም፤ የሚለብሰው ግን የሻምበል ማዕረግ ነው፣ ማንም ደግሞ ከሻምበልነቱ ሊያወርደው አልደፈረም።

እውነተኛ ዘማች በከተማዋ አንድ ብቻ ቀርተዋል። አባባ ታርሲዚዮ መቶ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ጦር ሜዳ የጂፕ ሹፌር ነበሩ። ሦስት ዓመት ሙሉ ዱርቫሊኖን ባገኙት ቁጥር መቼ ነው የምታሳፍረኝ እያሉ ጠይቀውታል። በመጀመሪያው ዓመት አረንጓዴው ቀለም ትንሽ ደመቀ ብሎ አፈረ። በሁለተኛው የወንበሩ ሸራ ስፌት መጽሐፉ ላይ እንዳለው አልሆነም። በሦስተኛው አንደኛው የፊት መብራት ከጦርነቱ በኋላ የተሠራ ሆኖ ተገኘ። ሁልጊዜ መልሱ «ትንሽ ቀረች፣ አባባ» ነበር።

«ልጄ፣ እኔም እኮ ትንሽ ናት የቀረችኝ» አሉት ባለፈው ዓመት። ሰው ሁሉ ሳቀ። ዱርቫሊኖም ሳቀ፤ ቤቱ ገብቶ ግን እንቅልፍ አልወሰደውም።

በዚህ ዓመት ምክንያት አልቆበታል። በሰልፉ ቀን ከቤሎ ኦሪዞንቴ ከተማ የጥንት መኪና መርማሪ ይመጣል፤ ጂፗን ከራስ እስከ እግሯ ያያትና እንደ ፋብሪካዋ ሆና ካገኛት ኮፈኗ ላይ የምትለጠፍ የናስ ሰሌዳ ይሰጣታል። በክፍለ ሀገሩ እንዲህ ያለ ሰሌዳ ያላቸው ሁለት መኪናዎች ብቻ ናቸው። ዱርቫሊኖ ያቺን ሰሌዳ ሲያስብ አፉ ይደርቃል። አባባ ታርሲዚዮም በዚያው ቀን አጠገቡ ተቀምጠው ከተማዋን እንደሚዞሩ ቄሱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተናግሯል። ሰሌዳውም አዛውንቱም በአንድ እሁድ፤ ከዚያ በኋላ ቁጭ ብዬ ምሳዬን እበላለሁ እያለ ለራሱ ይምላል።

እስከዚያ ድረስ ሌላው ሁሉ «ከእሁድ በኋላ» ነው። የሚያፈሰው ቧንቧ ከእሁድ በኋላ፣ የዜሊያ የልብስ ማጠቢያ ከእሁድ በኋላ፣ የጁሳራ አንቴናም ከእሁድ በኋላ።

ጁሳራ ልጁ ናት፤ ኮረብታው ላይ ባለው ክሊኒክ ነርስ ነች፣ ሥራ የምትሄደው በሞተር ሳይክል ነው። ሐምሌ የትምህርት ቤት ዕረፍት ስለሆነ ሰማዩ ልጆች በክር በሚያበርሩት የወረቀት ካይት ይሞላል። የካይቱን ክር በሙጫና በተፈጨ ጠርሙስ ይቀቡታል፣ የሌላውን ክር በጥሶ እንዲጥል። የተበጠሰው ክር ታዲያ ከመብራት ምሰሶ እስከ ዛፍ ተወጥሮ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ለዓይን አይታይም፣ አንገት ላይ ግን ቢላዋ ነው። ስለዚህ የፔድራ ማንሳ ሞተረኛ ሁሉ መሪው ላይ አንቴና የሚሉትን ጫፉ የተቆለመመ ቀጭን ዘንግ ያቆማል፣ ክሩ አንገቱ ዘንድ ሳይደርስ እንዲያዝለት። የጁሳራ አንቴና ከሁለት ወር በፊት ተሰብሯል። ሦስት ጊዜ ነግራዋለች። በሦስተኛው «ሻርፕሽን ጠበቅ አድርገሽ ጠምጥሚ፣ ከእሁድ በኋላ እሠራልሻለሁ» አላት ራሱን ከጂፗ ሥር ሳያወጣ። እሷም የአባቷን ጠባይ ታውቃለችና ወፍራም የሱፍ ሻርፕ ጠምጥማ ሄደች።

ቅዳሜ ከሰዓት አባባ ታርሲዚዮን የልጅ ልጃቸው ደግፋ አመጣቻቸው፤ በማግስቱ ሲሳፈሩ እንዳይቸገሩ አስቀድመው እንዲለምዱ ተብሎ ነው። ዓይናቸው ጥላ ብቻ ነው የሚያየው። ከዘራቸውን ለልጅቷ ሰጥተው ጂፗን በእጃቸው ያዩ ጀመር። ጎማውን መታ መታ አደረጉ። የፊት መብራቱ ዘንድ ሲደርሱ ጣታቸው ሳይፈልግ አንዲት ትንሽ ዳዶ አገኘ፣ ፈታ አደረጉና መብራቱን ወደ ኋላ ገለበጡት፤ የጦርነቱ ጂፕ መብራት እንዲህ ተገልብጦ ሞተሩን ያበራል። ድዳቸው እስኪታይ ሳቁ። የዱርቫሊኖ ልብ በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ፣ ያቺን መብራት ለማግኘት ስምንት ወር ፈጅቶበታልና።

ከዚያ እጃቸው ወደ ፊት መከላከያው ብረት ሄደ። መሐሉን ዳበሱ። ግራውን ዳበሱ። እጃቸውን ከብረቱ ላይ አንስተው አየሩን ሲዳብሱ ዱርቫሊኖ ግራ ገባው።

«ብረቱስ?» አሉ።

«የቱ ብረት፣ አባባ?»

«የሽቦው ብረት ነዋ። ከመከላከያው ላይ ሽቅብ የሚቆመው።»

ዱርቫሊኖ ገባው። ጀርመኖቹ ሲያፈገፍጉ መንገድ ላይ በሰው አንገት ልክ ሽቦ ይወጥሩ ነበር፤ የጂፕ ሹፌሮቹም ሽቦውን የሚቆርጥ ረዥም ብረት ራሳቸው እየቀጠሉ ፊት ለፊት ያቆሙ ነበር። ፎቶ ላይ አይቶታል። ግን ያ ወታደር በየጋራዡ የለጠፈው ውራጅ ብረት ነው፣ ፋብሪካው አልሠራውም። መጽሐፉን አምጥቶ ገጹን እየገለጠ፣ ለማያይ ሰው እየጠቆመ፣ በትሕትና አስረዳቸው።

«ፋብሪካው ኢጣሊያ አልዘመተም» አሉ አባባ ታርሲዚዮ። ከዘራቸውን ተቀበሉ። «ያለ ብረቱ አልሳፈርም።»

ለምን ሲባሉ አንድ ቃል አልጨመሩም። ልጅቷ ብትለምን፣ ዜሊያ የአይብ ዳቦ ይዛ ብትወጣ፣ አዛውንቱ ወይ ፍንክች። ሄዱ።

ዱርቫሊኖ ዶክተር ላውሮ ዘንድ ደወለ። ላውሮ ያን ውራጅ ብረት ከበየድክ ሰሌዳውን እርሳው አለው፤ መርማሪው ብየዳ ካየ ደብተሩን እዚያው ይዘጋል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሰውየው እኮ አያዩም አለ። ለሰልፉ ብቻ የሆነ ነገር በሽቦ ታስርና ታስነካቸዋለህ፤ ከተቀመጡ በኋላ ይፈታል፤ ማን ተጎዳ?

ማን ተጎዳ የምትለዋ ቃል ጆሮው ውስጥ ስትዞር ቆየች። ዱርቫሊኖ ክፉ ሰው አይደለም፣ ሌባም አይደለም። የቸኮለ ሰው ነው። የቸኮለ ሰው ደግሞ አቋራጭ ሲያሳዩት ዓይኑን ጨፍኖ ይገባበታል። የዜሊያን መጥረጊያ እጀታ ቆረጠ፣ አረንጓዴ ቀባው፣ ፀሐይ ላይ አደረቀው። ዜሊያ መጥረጊያዋን ስትፈልግ እሱም አብሯት ፈለገ።

እሁድ ጠዋት ጉም ነበር፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ዱርቫሊኖ የዘማች ልብሱን ለብሶ እጀታውን መከላከያው ላይ በሽቦ አሰረ። አባባ ታርሲዚዮ አሮጌ ቆብ አድርገው፣ ኮታቸው ላይ ሦስት ኒሻን አንጠልጥለው መጡ። ጁሳራ ወደ ሥራዋ ልትወጣ ስትል አየቻቸውና እንደሚንቀጠቀጡ ባየች ጊዜ ሻርፕዋን ከአንገቷ ፈትታ ጠመጠመችላቸው።

«ለእኔ ኮረብታው ላይ ፀሐይ አለልኝ» አለቻቸው። አባቷን ደግሞ «አንቴናዬን ዛሬ ብትሠራልኝስ?» አለችው።

«ነገ» አላት ዱርቫሊኖ። «ነገ ጠዋት ከቁርስ በፊት።»

እሷ ልብሷን ልትቀይር ወደ ውስጥ ተመለሰች። አባባ ታርሲዚዮ እጃቸውን ዘርግተው እጀታውን ያዙ። ወደ ላይ ዳበሱት፣ ወደ ታች ዳበሱት፣ ከዚያ በጣታቸው መገጣጠሚያ አንኳኩት። እንጨት መሆኑን ለማወቅ ዓይን አያስፈልግም። ዱርቫሊኖ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር።

አዛውንቱ አልተቆጡም፣ ያ ደግሞ ባሰበት። የጂፗን ጎን ተደግፈው ለቅዱሱም ለሰይጣኑም ነግረውት የማያውቁትን ነገር ነገሩት።

«ጄኔራል ሊጎበኘን ነው ተባለ። ሰልፍ አለ። አዛዡ ይሄን ቆሻሻ ብረት አንሱ፣ መኪናዎቹ ከፋብሪካ እንደወጡ ይምሰሉ አለን። በእጄ ፈትቼ አነሳሁት። ሰልፉ አለቀ። ልመልሰው ነበር፤ ብርድ ነው፣ በረዶ ነው፣ ደክሞኛል። ነገ አልኩ። ጠዋት አኒዚዮ፣ የዳቦ ጋጋሪው የሴቬሮ ልጅ፣ ዳቦ ልናመጣ አጠገቤ ተቀመጠ። እኔ አጭር ነኝ፣ ዱርቫሊኖ። እሱ ረዥም ነበር።»

ዱርቫሊኖ ሽቦውን ይፈታ ጀመር።

«እናቱ እንዴት ሞተ ስትለኝ በጥይት ነው አልኳት። እስክትሞት ጥይት እንደመሰላት ኖረች።»

ዱርቫሊኖ እጀታውን ነቅሎ ጣለው፤ ሽቦውን ሳያስበው ኪሱ ከተተው። ከአሮጌው በር የተረፈ ብረት አጥሩ ሥር ነበር፤ ቆረጠው፣ ከላይ ሽቦ የሚይዝ ጥርስ አወጣለት፣ የብየዳ ማሽኑን ሰካ። የመከላከያው ቀለም አራት ወር ተመርጦ የተገኘ ቀለም ነው። ብልጭታው ሲነካው አረፋ ሠርቶ ጠቆረ። ዶክተር ላውሮ ሰልፉ ሊጀመር ነው ሊል መጥቶ ያን ሲያይ ራሱን ያዘ፤ የሻምበል ልብሱን ረስቶ እንደ ሕፃን እግሩን መሬት ላይ መታ። በዚህ መሐል ጁሳራ ሞተሯን አስነስታ በጀርባቸው አለፈች፣ እጇን አውለበለበች። ዱርቫሊኖ የብየዳ መነጽር አድርጎ ነበርና አላያትም።

መርማሪው አደባባዩ ላይ ጠበቃቸው። ጂፗን አንድ ጊዜ ዞራት፣ የተቃጠለው ብየዳ ዘንድ ጎንበስ አለ፣ ደብተሩ ላይ አንዲት አጭር መስመር ጻፈና እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ። አዝናለሁ፣ ቢነሳ ግን ከሰልፉ በኋላ እንደገና አያታለሁ አለ። ላውሮ መጋዝ አለኝ፣ አሁኑኑ አመጣለሁ ብሎ ሮጠ። ዱርቫሊኖ ስድስት ዓመቱ በአንዲት መስመር ሲሰረዝ አየ፤ አልተቆጨሁም ብሎም አልዋሸም። አባባ ታርሲዚዮ ግን ብረቱን በመዳፋቸው ጨብጠው ነቀነቁት፣ አልተነቃነቀም፣ ጂፗ ላይ ወጥተው ተቀመጡ።

ሰልፉ ሄደ። የፊት መስታወቱ ኮፈኑ ላይ ተኝቷል፣ በጦርነቱ ጊዜ እንዲያ ነበርና። ማርሽ ባንዱ ከፊት ይነፋል፣ ከበሮው ጆሮ ይበጥሳል፣ ሴቶች ከሰገነት አበባ ይወረውራሉ፣ አዛውንቱ ግን ለማንም እጃቸውን አላወዛወዙም። ግራ እጃቸው የዱርቫሊኖን ጉልበት እንደ ጉጠት ይዞታል። ወደ ኮረብታው በሚወጣው መንገድ፣ ከአንድ የማንጎ ዛፍ አጠገብ ሲደርሱ ያ እጅ በድንገት ላላ።

«ሰማህ?» አሉት።

«ምኑን?»

«ቆረጠ።»

ዱርቫሊኖ እርጅና ነው፣ ትዝታ ነው ብሎ አለፈው። ሃያ ሜትር ያህል ሄደ። ግን እግሩ ዕረፍት የማያውቅ ሰው ነውና አላስቻለውም፤ ፍሬን ያዘና ወረደ። ብረቱ ጥርስ ላይ ነጭ ክር ተጠምጥሟል፤ አንዱ ጫፍ ኮፈኑ ላይ ተዘርግቷል፣ ሌላው መንገዱ ላይ ተጎትቷል። በጣቱ ነካው፤ ጣቱ ደማ። ክሩ ብረቱን የያዘበትን ቦታ አየና ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ አንገቱ የት እንደሚደርስ ገመተ።

ከዚያ ዓይኑ አባባ ታርሲዚዮ አንገት ላይ የተጠመጠመውን ሻርፕ አየ።

ጁሳራ ወደ ክሊኒኩ የሄደችው በዚሁ መንገድ ነው። ሌላ መንገድ የለም። አንቴና የላትም። ሻርፕዋ እዚህ ነው።

ተመልሶ መሪውን እንዴት እንደያዘ አያውቅም። ጂፗን ከሰልፉ አወጣት፤ ባንዱ በሁለት በኩል ተከፈለ፣ ከበሮ መቺው ግድግዳ ላይ ተለጠፈ፣ ላውሮ ከኋላ የሆነ ነገር ጮኸ። ኮረብታውን ስትወጣ ያቺ ስድስት ዓመት እንደ እንቁላል የያዛት መኪና አገሳች። መንገዱን እያየ ነው የሚነዳው፤ ለማየት የሚፈራውን ነገር እየፈለገ፣ በየመታጠፊያው የወደቀ ሞተር ሳይክል እየጠበቀ። ፈጣሪዬ፣ ሰሌዳውንም ውሰድ፣ ጂፗንም ውሰድ ይላል በልቡ። አባባ ታርሲዚዮ ወንበራቸው ፊት ያለውን መያዣ በሁለት እጃቸው አጥብቀው ይዘው አንዲት ቃል ብቻ አሉ፦ «ንዳው።»

የክሊኒኩ ግቢ ውስጥ ሞተር ሳይክሉ ቆሟል። እሷ የለችም። ዱርቫሊኖ ጂፗን ሳያጠፋት ዘሎ ወርዶ በሩ ላይ ሲደርስ ጁሳራ ነጭ ካፖርቷን እየቆለፈች ወጣች፤ የጂፗን ጩኸት ሰምታ አደጋ የደረሰ መስሏታል።

«አባዬ፣ ምን ሆነሃል? አባባ ታርሲዚዮ ታመሙ?»

ዱርቫሊኖ ሁለት እጁን ዘርግቶ አንገቷን ዳበሰ፤ ግራውን፣ ቀኙን፣ ከጆሮዋ ሥር። የጣቱ ደም ነካት። ደህና ናት፤ ክሩ የወደቀው እሷም ባንዱም ካለፉ በኋላ ነው። ሊናገር አፉን ሲከፍት ልቅሶ ቀደመው፣ በዚያ ልብስ፣ ትከሻው ላይ ያ ፒፓ አጫሽ እባብ ተሰፍቶ፣ በሽተኞች በመስኮት እያዩት። ጁሳራ አባቷ ሲያለቅስ አይታ አታውቅም፤ አቅፋ ያዘችው።

ጥቂት ቆይቶ ፊቱን በእጅጌው ጠረገና ወደ ጂፗ ሄደ። ከወንበሩ ሥር መጽሐፉ እንደሚለው በሸራ የተጠቀለሉት የጦርነቱ ዘመን መፍቻዎች አሉ፤ እስካሁን ማንም እንዲነካቸው ፈቅዶ አያውቅም። ሸራውን መሬት ላይ ዘረጋው። ከጂፗ የኋላ ጥግ ላይ የሬዲዮዋን አንቴና ፈታ፤ ገጽ መቶ አሥራ አራት ላይ ያለውን፣ ከአርጀንቲና ያስመጣውን። ጫፉን በፒንሳ ቆለመመና ሞተር ሳይክሉ መሪ ላይ አቆመው። ኪሱ ውስጥ እጁን ሲከት ጠዋት የመጥረጊያውን እጀታ ያሰረበትን ሽቦ አገኘ።

ስልኩ ጮኸ፣ ላውሮ ነው። መጋዙ ተገኝቷል፣ መርማሪው እየጠበቀ ነው። ጮኾ ጮኾ ተወ።

«አባዬ፣ በሽተኛ እየጠበቀኝ ነው» አለች ጁሳራ። «ነገ ሥራው።»

«ዛሬ» አለ ዱርቫሊኖ።

ከጂፗ ላይ አባባ ታርሲዚዮ «አጥብቀህ እሰረው» አሉት። ዱርቫሊኖ አንዴ ጠምጥሞ ወጠረ፣ እንደገና ጠምጥሞ ወጠረ። ጁሳራ የጂፗን ባዶ ጥግ አየች፣ ከዚያ መሪዋ ላይ የቆመውን ዘንግ፣ ከዚያ አባቷን።

«ይሄ መጽሐፉ ውስጥ አለ?» አለችው።

«የለም» አለ፣ ቀና ሳይል፤ ሽቦውን አንድ ጊዜ ደግሞ ጠመዘዘው።